ፈረስ አይተን የማናውቅ ይመስል 12 ሜትር ራቁ ተባልን

ይህ የውይይት ክር 33 ምላሽ ደርሷል። አዲስ የሚገቡ አንባቢዎች ከላይ የተመለሰውን ጥያቄ ከታች ደግመው እየጠየቁ ስላስቸገሩ፣ የመድረኩ አስተባባሪ ነገሩን የጀመርኩት እኔ ነኝና ፍሬ ነገሩን አሳጥሬ እንድጽፍ አዘዘኝ። የማንንም ቃል አልገለብጥም፤ የገባኝን ነው የምናገረው። ለራሱ አድልቷል የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም፤ በዚህ ክር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሰድቤአለሁ።

መነሻው

ከእንቁጣጣሽ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከባለቤቴና ከስምንት ዓመት ልጃችን ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ ገና ሳይነጋ ተነሥተን፣ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረን፣ ሦስት ሰዓት ያህል ነድተን አሳቲግ ደረስን። አሳቲግ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጠረፍ ላይ የተዘረጋች፣ ርዝመቷ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን የአሸዋ ደሴት ናት። በምሥራቅ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይማታባታል፤ በምዕራብ ጸጥ ያለ ባሕረ ሰላጤና ጨዋማ ረግረግ አላት። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1965 ጀምሮ (ከታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ ፓርክ ናት። ሰው የሚሄደው ግን ለፈረሶቹ ነው፤ ጋጣና ልጓም የማያውቁ ፈረሶች በማዕበሉ ዳር እንደ ልባቸው ይንሸራሸራሉ።

ልጄ አንዲት ቀይ ባዝራ እንዳየች ሮጠች። እኔም ስልኬን አውጥቼ ተከተልኳት። አራት አምስት እርምጃ ሲቀረን አንዲት ሽበታም በጎ ፈቃደኛ ደረሱብንና፣ በትሕትና ነው የምለው፣ ከፈረስ 40 ጫማ ማለትም 12 ሜትር መራቅ ግድ መሆኑን ነገሩን። ራቅን። ከዚያ ሆኜ ባነሣሁት ፎቶ ላይ ባዝራዋ ተምር የምታህል ቡናማ ነጥብ ሆና ወጣች። በብስጭት ወደ ምንጣፋችን ስንመለስ ደግሞ ሌላ ፈረስ የምግብ ሳጥናችንን ክዳን በአፍንጫው ገልብጦ፣ ባለቤቴ ሌሊቱን የጋገረችውን አምባሻ በእርጋታ እያጣጣመ አገኘነው።

ማታውኑ እዚህ ጻፍኩ። ፈረስ አንበሳ አይደለም፤ እኛም ፈረስ በሥዕል ብቻ ያየን ሰዎች አይደለንም። እኔ 12 ሜትር እየራቅኩ እሱ አምባሻዬን የሚበላበት ሕግ ምን ዓይነት ሕግ ነው? ደግሞስ ከዚያ ርቀት ደህና ፎቶ ያነሣ ማን አለ?

ምላሽ 1 እና 2

የመጀመሪያዋ መልካም አዲስ ዓመት ተመኝታ፣ የልጄን ነጭ ቀሚስ አድንቃ አለፈች። ሁለተኛው ስለ ፈረሱም ስለ ሕጉም ምንም ሳይል አምባሻው ጥቁር አዝሙድ ነበረው ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀልድ መስሎኝ ዝም አልኩት። ይህ ሰው በኋላ ይመለሳል።

ምላሽ 3

ጋሼ ልበላቸው፤ በዋሽንግተን ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት የከተማ አውቶቡስ የነዱ አባት ናቸው። ሜትርና ጫማ መቁጠር አያስፈልግም አሉ። 40 ጫማ ማለት የአንድ መደበኛ አውቶቡስ ርዝመት ነው፤ አንተ ከመሪው ላይ ተቀመጥ፣ ፈረሱ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይሁን። እሳቸው ከዚያ ርቀት በመስታወት እያዩ ሒሳብ ሳይከፍል የገባውን ተሳፋሪ በፊቱ ለይተው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ፈረስ ማየት አልቻልኩም የሚል ሰው መነጽር ይግዛ ብለው በሳቅ ደመደሙ። ከሁሉም ምላሽ በእጄ የቀረው ይህ ነው፤ አሁን የትም ስሄድ በፊቴ አውቶቡስ አቆማለሁ።

ምላሽ 4

እንጅባራ የተወለደ ወንድማችን በሙሉ ልቡ ከእኔ ጋር ወገነ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት ሜዳ ያደገ ሰው፣ በግራና በቀኙ በመቶ የሚቆጠር ያጌጠ ፈረስ ሲጋልብ ያየ ሰው፣ እንዴት ከፈረስ ራቅ ይባላል? እሱ በእግሩ መሄድ ሳይጠነክር በኮርቻ ላይ ተቀምጧል። ልቤን ሞላው። እስከ ምላሽ 5 ድረስ።

ምላሽ 5

የእንስሳት ሐኪም የሆነች እህት ናት፤ ጽሑፏ ረጅም ነው፣ እኔም አላሳጥረውም። መጀመሪያ ያረመችኝ እኔን ነው። እነዚህ በዘራቸው የዱር እንስሳት አይደሉም፤ ከሰው እጅ የወጡ የቤት ፈረሶች ልጆች ናቸው። ነገር ግን ስንት ትውልድ ያለ ሰው ኖረዋል፤ ስለዚህ የእንጅባራው ፈረስ ለጌታው ያለው ጠባይ እነዚህ ላይ አይፈለግም። ያኛው ፈረስ ሰውየውን ያውቀዋል፤ ይኼኛው አያውቅህም፣ ማወቅም የለበትም።

ቀጥላ ስለ ምግባቸው ጻፈች። የሚግጡት በአብዛኛው የጨዋማ ረግረግ ሣርና የአሸዋ ክምር ሣር ነው። ጨው ስለሚበዛበት የቤት ፈረስ ከሚጠጣው እጥፍ ያህል ውኃ ይጠጣሉ። ሆዳቸው ተነፍቶ የሚታየው ለዚህ ነው እንጂ ጠግበው ወይም አርግዘው አይደለም። አምባሻን በተመለከተ ደግሞ አልማረችኝም። ምግብ መኪና ውስጥ ይቆለፋል ወይም ሳጥኑ በማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ክፍት ትቶ የሄደ ሰው ፈረስ ሰረቀኝ አይልም፣ ፈረስ መገብኩ ይበል። አንድ ጊዜ የሰው ምግብ የቀመሰ ፈረስ መኪና ባየ ቁጥር ወደ መንገድ ይወጣል፤ በዚያው መንገድ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱ አሉ። ሰው ምግብ ይዞ ሲመጣ መጋፋቱን አልተው ያለ አንድ ድንጉላ በ2022 ከደሴቱ ተነሥቶ ቴክሳስ ወደሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ተወስዷል። ከመንጋውና ከተወለደበት አሸዋ የተለየው በቺፕስና በዳቦ ምክንያት ነው አለች።

ይህን ሳነብ አምባሻው ጉሮሮዬ ላይ የቆመ ያህል ተሰማኝ።

ምላሽ 6 እና 7

የእንጅባራው ወንድማችን ተቆጣ። የፈረስን ጠባይ ከመጽሐፍ የተማረ ሰው በፈረስ ላይ ላደገ ሰው ትምህርት አይሰጥም አለ፤ ቃሉ ከዚህም የጠነከረ ነበርና አስተባባሪው ከፊሉን አነሣው። መልሱ የመጣው ነርስ ከሆነች እህታችን ነው። አጎቷ ደብረ ብርሃን አጠገብ በገዛ በቅሏቸው፣ አሥር ዓመት በጫኗት በቅሎ፣ ሁለት ጥርስ ከፍለዋል። በቅሎዋ ክፉ ሆና ሳይሆን ከኋላ ስለመጡባት ነው። አሥር ዓመት የምታውቀው እንዲህ ካደረገች፣ የማታውቅህ ምን ታደርግ? ወንድማችን ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን አጎትሽ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቃት።

ምላሽ 8 እስከ 10

ፈረሶቹ ከየት መጡ? ስምንተኛው፣ ድሮ ከባሕሩ ዳር ከተሰበረ የስፔን መርከብ ዋኝተው ወጥተዋል የሚለውን የታወቀ ታሪክ እንደ ዐይን ምስክር ተረከ። ዘጠነኛው ሣቀበት፤ እውነቱ በ17ኛው መቶ ዘመን የዋናው ምድር ገበሬዎች ከአጥር ሕግና ከግብር ለማምለጥ ከብቶቻቸውን ወደ ደሴቱ ማሻገራቸው ነው አለ። ግብር ሽሽት ሲባል ወዲያው የሁላችንም ልብ ወደዚህኛው አዘነበለ። አሥረኛው ግን በ2022 የታተመ ጥናት አስታወሰ። ተመራማሪዎች በሄይቲ ከአንድ የጥንት የስፔን ሰፈር በተገኘ የ16ኛው መቶ ዘመን የፈረስ ጥርስ ላይ የዘር ምርመራ ሲያደርጉ፣ ከዛሬዎቹ ፈረሶች ሁሉ በጣም የቀረቡት የዚህችው ደሴት ፈረሶች ሆነው ተገኙ። ጥርሱ መርከቡን አያረጋግጥም፤ የስፔኑን ዘር ግን ከተረት ቤት አውጥቶታል። ስምንተኛውና ዘጠነኛው ሁለቱም አሸነፍን አሉ።

ምላሽ 11

ለፎቶ የመጣችሁ ከዚህ ጀምሩ። ይህ ሰው በትርፍ ጊዜው ሰርግ የሚያነሣ ነው፤ ቁጥር ይወዳል። ፎቶህን ያበላሸው 12 ሜትሩ ሳይሆን ሌንስህ ነው አለኝና ስሌቱን ዘረዘረው። የሌንስ ሚሊ ሜትር ባነሰ ቁጥር ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ በበዛ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል። የስልክ ዋናው ሌንስ 26 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከ12 ሜትር ርቀት ከ16 ሜትር ተኩል በላይ ስፋት ያሳያል። ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ፈረስ ከዚህ ውስጥ የምትይዘው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው፤ ተምሯ ከዚህ መጣች። ሙሉ ፍሬም በሚባለው፣ ብርሃን መቀበያው ሰፊ በሆነ ካሜራ ላይ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብታደርግ ግን ከዚያው ቦታ የሚታይህ ስፋት 2 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፈረሷ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ትሞላዋለች። 400 ብታደርግማ ከአንገት በላይ ብቻ ነው የሚገባልህ፤ አንተው ራስህ ወደ ኋላ ትሸሻለህ።

ስለዚህ 12 ሜትር ለፎቶ ሩቅ አይደለም፤ ለብዙ ሌንስ እንዲያውም ቅርብ ነው። እኔ በሕጉ ላይ የተናደድኩት በስልኬ መናደድ ሲገባኝ ነበር። ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

እሱ ይህን ብቻ ብሎ አልተወኝም። ፀሐይ ከውቅያኖሱ ወጥታ በባሕረ ሰላጤው በኩል ትጠልቃለች፤ ማለዳ በማዕበሉ ዳር፣ ምሽት በረግረጉ ዳር ሁን። ቆመህ አታንሣ፤ ተንበርከክ፣ ከተቻለህ ሆድህ ላይ ተኛ፤ ካሜራው ከእንስሳው ዐይን ጋር ሲስተካከል ሥዕሉ ሌላ ይሆናል። አሸዋውና ነጩ ሽመላ ካሜራውን ያታልሉታልና ሥዕሉ እንዳይጠቁር ብርሃኑን በትንሹ ከፍ አድርግ።

ምላሽ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛዋ ያልተነገረውን ጨመረች። የባሕር ነፋስ ጨው ተሸክሞ ስለሚመጣ ሌንስ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ በአሸዋ ወረቀት እንደመፈተግ ነው፤ መጀመሪያ ይነፋል፣ ከዚያ በረጠበ ጨርቅ ይዳበሳል። በአሸዋው ላይ ቆሞ ሌንስ መቀየር የለም። ከቀዝቃዛ መኪና ወጥቶ ወዲያው ማንሣትም አይሆንም፤ እርጥበቱ መስታወቱን ያላብሰዋልና ካሜራው ከነቦርሳው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ወይም ከመድረስ በፊት የመኪናው ማቀዝቀዣ ይጥፋ። አሥራ ሦስተኛው በድሮን አንሥተን እንገላገል አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ መሆኑን አራት ሰዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነገሩት፤ አስተባባሪው አራቱን እንደ አንድ ቆጠራቸው።

ምላሽ 14 እስከ 17

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። አሥራ አራተኛው፣ ሐረር ላይ ጅብ በአፍ ሥጋ እየተቀበለ ሰው ያላስቸገረ፣ አሳቲግ ላይ ፈረስ ዳቦ ቢበላ ምን ይሆናል አለ። ፈረንጅ ያመጣውን ሕግ እንደ ወንጌል የምትሰብኩ ሲል ምላሽ 5ን በስም ሊጠራ ምንም አልቀረውም። አሥራ አምስተኛዋ ሐዋሳ ያደገች ናት፤ አሞራ ገደልን አነሣች። ከዓሣ አጣቢዎቹ እግር ሥር ትርፍራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ሁላችን እንወዳቸዋለን፤ ነገር ግን እዚያው ያሉት ጦጣዎች ጎብኚ ለውዝና ሙዝ ስላስለመዳቸው ከሕፃን እጅ ይመነትፋሉ። ታናሽ ወንድሟን ቧጭረውታል። የሚያስለምደው አንድ ሰው ነው፣ የሚቧጨረው ሌላ ሰው ነው ብላ ዘጋችው።

የእንስሳት ሐኪሟ ተመልሳ በጨዋ ቃል ጅቡን ከፈረሱ ለየች። የሐረሩ ጅብ መጋቢ ሥራውን ከቀዳሚው የወረሰ፣ ጅቦቹን አንድ በአንድ በስማቸው የሚጠራ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት የሚመግብ ሰው ነው፤ በመስኮት ዳቦ ወርውሮ ከሚሄድ ሾፌር ጋር አይነጻጸርም። አሥራ አራተኛው በስድብ መለሰ፤ የተሰደብኩት ግን እኔ ነኝ፣ ክሩን ስለከፈትኩ። አስተባባሪው አስጠንቅቆ ለአንድ ሌሊት ዘጋው።

ምላሽ 18 እስከ 21

ሲከፈት ወሬው ስለ ድልድዩ ሆነ። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ በውኃ ላይ የሚሄደው የቼሳፒክ ድልድይ ስንቱን እንደሚያርበደብድ አላውቅም ነበር። አንዷ ዐይኗን ጨፍና ትሻገራለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን የምትነዳው እሷ አይደለችም። ሌላው ፈሪዎችን በገንዘብ የሚያሻግር ሾፌር መቅጠር እንደሚቻል ተናገረ፤ ጋሼ የአውቶቡሱ በነጻ አሻግራችኋለሁ ብለው ስልካቸውን ሊጽፉ ሲሉ አስተባባሪው ደረሰባቸው።

ምላሽ 22

አጭር ነበር፣ ብዙ ሰው ያላየው። የዱር ፈረስ ለማየት አሜሪካ ድረስ መምጣት ያስፈልግ ነበር ወይ? በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ጉርሱም አጠገብ፣ ቁንዱዶ የሚባለው ተራራ አናቱ ጠፍጣፋ ሜዳ ነው፤ እዚያ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ይኖራሉ፣ ቁጥራቸው በጣም ጥቂት ነው። ጸሐፊው ከታች ከመንደሩ ሆኖ በልጅነቱ ደመናው ሲገለጥ ጀርባቸውን አይቷል። ካሜራ አልነበረውም። የእንጅባራው ወንድማችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጣ ጥያቄ ጠየቀ፤ ሁለቱ ከክሩ ውጭ እየተጻጻፉ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

ምላሽ 23

አንዲት ወፍ ወዳድ ትዕግሥቷ አልቆ መጣች። ሃያ ሁለት ምላሽ ስለ ፈረስ! በዚያችው ደሴት ላይ፣ በቀጥታ በአሸዋ ላይ እንቁላሏን የምትጥል፣ ቀለሟ ከደረቀ አሸዋ የማይለይ ትንሽ የባሕር ዳር ወፍ አለች፤ ከ1986 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀች ናት። በአሜሪካው ፀደይና በጋ በገመድ የታጠረውን ስፍራ የምታልፉት እሷን እየረገጣችሁ ነው አለች። በመስከረምና በጥቅምት ወደ ደቡብ የሚሻገሩ ጭልፊቶች በአሸዋው ክምር ላይ ዝቅ ብለው ያድናሉ። በቨርጂኒያው ጫፍ ያለው የሺንኮቲግ መጠለያ ደግሞ በ1943 የተቋቋመው ለፈረስ ሳይሆን ለስደተኛ ወፎች ነው፤ የብርዱ ወራት ሲገባ ነጫጭ የበረዶ ዝይዎች ኩሬውን ይሸፍኑታል። የኩሬው ዙሪያ መንገድ እስከ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ ነው፤ መኪና የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ሄዳችሁ በእግር ዙሩ። ድኩላ አየን ለምትሉም እርማት አላት፤ በ1920ዎቹ ከእስያ የመጡ ሲካ የተባሉ አጋዘኖች ናቸው።

ምላሽ 24 እስከ 27

ደሴቷ በአጥር ለሁለት መከፈሏን አንድ ሰው ሲናገር አዲስ ጠብ ተነሣ። በሜሪላንድ በኩል መንጋው የፓርኩ ነው፤ ቁጥሩ ከ80 እስከ 100 እንዲሆን ከ1994 ጀምሮ ለዓመታት ባዝራዎች በሚወረወር መርፌ የወሊድ መከላከያ ይሰጣቸው ነበር። በቨርጂኒያ በኩል ፈረሶቹ የሺንኮቲግ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ንብረት ናቸው፤ ከ150 አዋቂ ፈረስ በላይ እንዳይበዙ በየሐምሌው ወሽመጡን በዋና ያሻግሯቸውና በማግሥቱ ውርንጭሎቹን በጨረታ ይሸጣሉ፤ ከ1925 ጀምሮ እንዲህ ነው። ሃያ አምስተኛዋ መርፌውን ኃጢአት አለችው፤ ሃያ ስድስተኛው ውርንጭላን ከእናቱ መሸጥ ይብሳል አለ። ጋሼ ሁለቱንም ገሠጹ፤ ደሴቷ ጠባብ ናት፣ ሣሩ የተቆጠረ ነው፣ አውቶቡስም ከሞላ በኋላ ሰው አይጭንም። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ።

ምላሽ 28

ትንኝ፣ መዥገር፣ የሚናከስ ዝንብ። ረጅም እጅጌ ልበሱ። አዎ፣ ልክ ነው፤ ልጄ እስከ መስቀል ስታክክ ነበር።

ምላሽ 29

የራሴ ነው። በጥቅምት ተመልሰን ሄድን። አሥራ አንደኛው ከ70 እስከ 300 የሚደርስ ሌንሱን ከአሮጌ ካሜራ ጋር በአደራ ሰጠኝ፤ ፊቴን አይቶ የማያውቅ ሰው። ምግቡን መኪና ውስጥ ቆለፍን። ወደ ማታ በረግረጉ ዳር ጭቃ ላይ ተንበረከኩ፣ በፊቴ አውቶቡስ አቆምኩ፣ አንድ ሆደ ሰፊ ፈረስ በወርቃማው ሣር መካከል ቀስ እያለ መጣና ልክ ስተኩስ ጀርባውን ሰጠኝ። ሃያ ሦስት ፎቶ አነሣሁ፤ ሃያ ሦስቱም ጭራ ነው። ልጄ በበኩሏ በጨለማው መባቻ ከጉድጓዱ ብቅ ያለ እንደ አሸዋ የነጣ ሸርጣን በስልኬ አነሣች፤ ከማንሣቷ በፊት ለሸርጣን ስንት ሜትር ነው የሚራቀው ብላ ጠየቀችኝ። ከጭራዎቹ የተሻለውንና የሸርጣኑን ፎቶ ጫንኳቸው።

ምላሽ 30 እስከ 33

ሠላሳኛዋ ወፍ ወዳዷ ናት፤ ከአባቷ ይልቅ ልጅቷ ታነሣለች አለች። ሠላሳ አንደኛው አዲስ ገብ ነው፤ ከላይ ያለውን አንድም መስመር ሳያነብ ፎቶውን አይቶ፣ ይህች ባዝራ ልትወልድ ደርሳለችና እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ ጻፈ። የእንስሳት ሐኪሟ ምላሽ 5ን እንዲያነብ ጋበዘችው፤ ሆዱ ውኃ ነው፣ ደግሞም ፎቶው የተነሣው ከኋላ ስለሆነ ድንጉላ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም አለች።

ሠላሳ ሦስተኛው የአምባሻው ሰው ነው፤ አሁንም ጥቁር አዝሙድ ነበረው ወይ ይላል። ባለቤቴ መድረኩ ላይ ስሟን ያስመዘገበችው ለዚህ ሰው መልስ ለመስጠት ብቻ ነው፤ ነበረው።